ደሴ ድግስ ያላችሁ፣ እነዚህን ሁለት ሴቶች ሳታናግሩ ለማንም ቀብድ እንዳትሰጡ

ላመሰግን ነው የመጣሁት። መጀመሪያ ግን ትንሽ ልናደድ።

አያታችን እማማ ባለፈው እሑድ 90 ዓመት ሞላት። የልደት ካርድ የላትም። ቤተሰቡ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው። ጣሊያን ደሴን በቦምብ የደበደበ ዕለት፣ ህዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ እናቷ ሁለት ሳምንት ያልሞላት አራስ ነበረች። እማማን በነጠላ ጠቅልላ ወደ ጦሳ ተራራ ሸሸች ይባላል። ከዚያ ወደ ኋላ ቆጥረን ህዳር 14 ልደቷ ይሁን አልን። ዘንድሮ ደግሞ እሑድ ዋለ፣ ያውም የነቢያት ጾም ቅበላ። ከዚህ የተሻለ ቀን ከየት ይመጣል?

ልጅና የልጅ ልጅ ከአዲስ አበባም ከውጭም በኮምቦልቻ አየር ማረፊያ ሲወርድ ሰነበተ። በጠቅላላው 140 ሰው። የወሎ ቤተሰብ ነንና ግማሹ ሙስሊም ነው። የእማማ ወንድም ቤት በሙሉ፣ ሐይቅ የተዳሩት አክስቶቼም። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ሥጋ፣ ሁለት ምድጃ የግድ ነው። ለደሴ ሰው ይሄ አዲስ ነገር አይደለም።

ለአንድ ድግስ አዘጋጅ ግን አዲስ ሆነበት። ስሙን አልጠራም። ጥቅምት ላይ 30,000 ብር ቀብድ ወሰደ። ሜኑውን በሚያብረቀርቅ ወረቀት ሰጠን። ከዚያ ጠጋ ብሎ "ለምን ሁሉንም በአንድ አንሠራውም? ማን ያውቃል?" አለኝ። ማን ያውቃል! ንጉሥ ሚካኤል "አይጠየፍ" ብለው አዳራሽ ባሠሩበት ከተማ እንዲህ ይባላል? አይሆንም ስለው ፊቱ ተቀየረ። ሐሙስ ማታ፣ ሦስት ቀን ሲቀረን፣ "ሥራ ተደርቦብኛል" አለና ስልኩን ዘጋው። ቀብዱን እስካሁን ነገ ከነገ ወዲያ እያለ ነው።

እናቴ ያን ሌሊት አልተኛችም። የወንድሜ ሰርግ ትዝ እያላት መሰለኝ። ያኔ ሌላ አዘጋጅ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ሳይበሉ ወጥ አልቆ አንገታችንን ደፋን።

አርብ ጠዋት ጎረቤታችን አንድ ስልክ ቁጥር በብጣሽ ወረቀት ይዘው መጡ። ደወልኩ። ያነሳችው ሴት ስለ ብር አልጠየቀችኝም። "ስንት ሰው ነው? ስንቱ ሙስሊም ነው?" አለች። ነገርኳት። "አብሽር፣ እሑድ ይበላል።"

ሁለት ጓደኛሞች ናቸው። አንዷ ሙስሊም፣ አንዷ ክርስቲያን። ሰኞ ገበያ አካባቢ አብረው ነው ያደጉት። ቅዳሜ ማለዳ በሬው በክርስቲያን፣ በጎቹ በሙስሊም እጅ ታረዱ። ጓሮው ለሁለት ተከፈለ። በሙስሊሙ ወገን ጭልፋው፣ ቢላው፣ ምኑም ምኑም አረንጓዴ ክር ታሰረበት። የአጎቴ ልጅ ክር ያለውን ጭልፋ ወደ ማዶ ሊያሻግር ሲል እጁን ቸብ! ያ ሁሉ ሽንኩርት መቼ እንደተቁላላ፣ ልኩን እንዴት እንዳወቁት እንዳትጠይቁኝ። እኔ የማውቀው እሑድ ማታ ለጎረቤት ሁሉ ሰድደን ወጥ መትረፉን ነው።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ግን ለወጡ ብዬ አይደለም።

እማማ በዘመኗ የሰፈሩ ወጥ ሠሪ ነበረች። ያለሷ ሰርግ አይደገስም ነበር አሉ። ቅዳሜ ከሰዓት ጋቢዋን ተከናንባ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ጭሱን ታያለች። ብድግ ባለች ቁጥር "እማማ ዕረፊ" እንላታለን። ክርስቲያኗ ሴት ከምድጃው ተነስታ በጭልፋ ወጥ ይዛ መጣች። በርከክ አለችላት።

"እማማ፣ እስቲ ጨውን ይዩልኝ። እርስዎ ሳይሉ አላወጣውም።"

እማማ መዳፏን ዘረጋች። ጠብ አደረገችላት። እማማ ቀመሰች፣ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ አሰበች። "ትንሽ ይቀረዋል" አለች። ሴትየዋ ሄዳ ጨምራ መልሳ አመጣች። "አሁን ገና!" አለች እማማ። ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁማት! እሳቱን ቀንሱ፣ ክዳኑን ገርበብ አድርጉት እያለች እስኪመሽ ስታዝ ዋለች። ሁለቱም "እሺ እማማ" ይላሉ።

ማታ ሴትየዋን ለብቻዋ ጠየቅኳት። የእውነት ጨው ጎድሎት ነበር?

ሳቀች። "አውቄ ነው የቀነስኩት።"

እኛ ኬክ አዘናል፣ ፊኛ ነፍተናል፣ ዲጄ ጠርተናል። ከ140 ሰው ይሄን ያሰበ አንድም አልነበረም።

ሒሳቡን የተቀበሉን ሰው በልቶ ካበቃ፣ ዕቃ ከታጠበ በኋላ ነው። ቀብድ ብለን ብንለምናቸውም እምቢ አሉ። እጃችሁ ይባረክ፣ አላህም እግዜርም ይስጣችሁ፣ ሌላ ምን እላለሁ።

ስልካቸውን እዚህ አልለጥፍም፣ ሴቶቹ አደባባይ መውጣት አይወዱም። ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ እሰጣችኋለሁ። ደሴም ኮምቦልቻም ይሠራሉ። ሰርግ፣ ምርቃት፣ ልደት፣ ምንም ይሁን እነሱን አናግሩ። ብቻ ቶሎ በሉ፣ ጥር እየደረሰ ነው። ጥር 24ን ግን እንዳትጠይቁ፣ ለእህቴ ሰርግ ይዣቸዋለሁ።