ጅማ ፈረንጅ አራዳ ላገኘሁት የኮምፒውተር ባለሙያ፣ ፈጣሪ ይስጥልኝ

ባለፈው ሳምንት ላፕቶፔ ሲበላሽ የሁለት ሴሚስተር የተማሪዎች ውጤት ውስጡ ነበር። ፍላሽ በሰካሁ ቁጥር ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት ይሆናል። አንቲቫይረሱም አልከፍት አለኝ። መጀመሪያ የወሰድኩበት ቤት ገና ሳያየው «ፎርማት ይደረግ» አለኝ፤ ያለው ሁሉ ይጥፋ ማለት ነው። እንባዬ መጣ።

አንዲት ባልደረባዬ ናት ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ወደሚሰራ ወጣት የላከችኝ። ልጄን ይዤ በዝናብ ሄድኩ። ወጣቱ መጀመሪያ ሃርድ ዲስኩን ፈትቶ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የሚባል ሲስተም ካለው ሌላ ኮምፒውተር ጋር አገናኘና ፋይሎቼን በሙሉ ኮፒ አደረገልኝ። ማጽዳት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል የሚጠብቅ ባለሙያ ማግኘት ቀላል አይደለም።

ምንጩ ልጄ ከጓደኛው በፍላሽ ያመጣው የጌም ፎልደር ሆኖ ተገኘ። ሱፐር ኔንቴንዶ የሚባለው የድሮ የጌም ማሽን ጌሞችና እነሱን ኮምፒውተር ላይ የሚያጫውት ኢሙሌተር የሚባል ፕሮግራም ነበሩበት። «ቲቸር፣ የሱፐር ኔንቴንዶ ጌም የፋይል ስሙ መጨረሻ ኤስኤፍሲ ወይም ኤስኤምሲ ነው የሚለው» አለኝ ወጣቱ። «ይሄኛው ኢኤክስኢ ይላል። ጌም መስሎ የገባ ፕሮግራም ነው።» የበከለን እሱ ነበር።

እዚያ ላይ ቢያቆም ከፍዬ፣ አመስግኜ እሄድ ነበር። እሱ ግን ኢሙሌተሩንም አየው። ዜድስኔስ 1.51 ነው፤ በፈረንጆቹ 2007 የወጣ። ልጄን አጠገቡ አስቀምጦ ያስረዳው ጀመር።

«ጌሙን እንደ እንግዳ አስበው፤ ኢሙሌተሩ ዘበኛ ነው» አለው። «እንግዳው ከተፈቀደለት ክፍል እንዳያልፍ የሚጠብቀው ዘበኛው ነው። ዘበኛው ከተኛ እንግዳው ዋናው ቤት ይገባል።» ዋናው ቤት የኛው ዊንዶውስ መሆኑ ነው። ሆን ተብሎ የተበላሸ የጌም ፋይል በዚህ ኢሙሌተር ሲከፈት ኮምፒውተሩ ላይ የፈለገውን ትዕዛዝ ማስኬድ እንደሚችል በፈረንጆቹ 2015 በይፋ ታይቷል። ስለዚህ ስሙ ትክክል የሆነ ፋይልም ቢሆን እዚህ ላይ አይታመንም።

ልጄ «ሊኑክስ ብጠቀምስ?» አለው። ጥያቄውን አልናቀበትም። በፈረንጆቹ 2016 ክሪስ ኢቫንስ የተባለ ተመራማሪ የኔንቴንዶ ጌም ሙዚቃ በያዘ አንድ ፋይል ብቻ ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ፣ የቆየውን፣ እንዴት እንደሰበረ ነገረው። ሙዚቃውን የሚያጫውተው ክፍልም በውስጡ ትንሽ ኢሙሌተር ኖሮታል! ልጄ አፉን ከፍቶ ነው የሰማው። እኔም ብሆን።

ከዚያ የድሮውን አጥፍቶ፣ እስካሁን የሚታደሰውን ስኔስ9ኤክስ የተባለ ሌላ ኢሙሌተር ከራሱ ድረ ገጽ አውርዶ ጫነለት። ለልጄም አድሚን ያልሆነ፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ሁሉ ማዘዝ የማይችል፣ የራሱን አካውንት ከፈተለት። «ጌም ከልክይው» አላለኝም። ይህ በጣም ደስ ብሎኛል፤ ልጄ ሲቆጡት የሚደብቅ፣ ሲያስረዱት ግን የሚሰማ ልጅ ነው።

ስለ ማስተማሩ ልጨምርለት ስል እምቢ አለኝ። የተነጋገርነውን ብቻ ተቀበለ። ውጤቱ አንድም ሳይጎድል ማክሰኞ አስገብቻለሁ።

ጅማ ያላችሁ ወላጆችና መምህራን፣ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፤ ቤቱን እጠቁማችኋለሁ። ስትሄዱ የልጆቻችሁን ፍላሽ ጭምር ያዙ። የኔን ልጅ ፍላሽ ሳልጠይቀው ነው የፈተሸልኝ።