ጎማዬን በሌሊት የለካልኝ የሞጆው ጎሚስታ

የጂቡቲ መስመር ሹፌሮች፣ በተለይ የራሳችሁን መኪና የምታሽከረክሩ፣ ይህችን አንብቡልኝ። አንድ ሰው ላመሰግን ነው።

ባለፈው ዓመት ከአዋሽ እስከ ሚሌ ባለው መንገድ ላይ በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ጎማ ፈነዳብኝ። ሦስቱም የኋላ፣ ሦስቱም ጥንድ ሆነው ከሚገጠሙት ጎማዎች የውስጠኛው። የመጨረሻው የፈነዳው ከገዋኔ አለፍ ብዬ ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት ነበር፣ አስፋልቱ እሳት ነው። ረዳቴ ክሪኩን ሲያስገባ መሬቱ ክንዱን አቃጠለው። የጎማ ዋጋ እናንተም ታውቁታላችሁ። ያን ወር የሠራሁት ለጎማ ብቻ ነው።

የጠየቅኩት ሁሉ መልሱ አንድ ነበር፦ «የቻይና ጎማ ነው፣ ምን ትጠብቃለህ?» እኔም አምኜ ነበር።

ከዚያ ሞጆ ደረቅ ወደብ ጭኜ ስወጣ አንድ የሥራ ጓደኛዬ ወደ አንድ ጎሚስታ ወሰደኝ። ስሙን እንዳልጽፍ ስለለመነኝ ጋሼ ብቻ ልበለው። «ሁሉንም 130 ፒኤስአይ አድርግልኝ» አልኩት፤ ፒኤስአይ የነፋስ ግፊት መለኪያ ነው። ኮምፕሬሰሩን አልነካም። «ስንት ጭነሃል?» አለኝ። «እንደተለመደው» አልኩ። «እንደተለመደው የሚባል ክብደት የለም፣ የሚዛን ወረቀትህን አምጣ» አለ። ቀጥሎ መዳፉን ጎማው ላይ አሳረፈ። «ትኩስ ነው። አሁን አልለካልህም። እዚሁ እደርና ከሌሊቱ 11 ሰዓት እንገናኝ።»

እውነቱን ለመናገር ተናድጄ ነበር። አንድ ሌሊት ማለት ለእኔ ገንዘብ ነው። ግን አደርኩ።

በነጋታው ጌጁን፣ የነፋስ መለኪያውን፣ ይዞ ከኋላ ጀመረ። የውጭው ጎማ 115፣ አጠገቡ ያለው የውስጠኛው 70። እኔ ሁልጊዜ ከመነሳቴ በፊት በብረት እየመታሁ በድምፁ ነበር የማረጋግጠው። ሁለቱም እኩል ይጮሁልኝ ነበር። ከውጭ ስታዩትም ሁለቱም ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ምክንያቱም ጠንካራው ደካማውን ደግፎ ይዞታል። ጭነቱን የሚሸከመው አንዱ ነው፣ ሌላው እየታጠፈና እየተዘረጋ ይግላል። አፋር በረሃ ውስጥ ያ ሙቀት መውጫ የለውም። የእኔ የውስጠኛ ጎማዎች ለምን እንደሚፈነዱ ያን ጊዜ ገባኝ። የውስጠኛው ቫልቭ፣ ነፋስ የሚሞላበት አፉ፣ እጅ ስለማይደርሰው ለወራት ማንም አልነካውም ነበር። ክዳኑም ወልቆ አቧራ ገብቶበታል፣ ቀስ እያለ ያስተነፍሳል።

ባለ 70ውን ሙላልኝ አልኩት። እምቢ አለ። ይህን ነው በደንብ እንድታነቡልኝ የምፈልገው። መያዝ ከሚገባው ከ20 በመቶ በላይ ጎድሎ ጭነት ይዞ የተጓዘ ጎማ ያለ ነፋስ እንደሄደ ነው የሚቆጠረው፤ ሳይፈታ አይሞላም አለኝ። ፈታውና ውስጡን አሳየኝ። ጥቁር የጎማ ዱቄት አራገፈ። ጎኑን በጣቱ ሲጫነው ውስጡ ያለው የብረት ክር ተበጣጥሷል። «ይሄ መንገድ ላይ ከሚገድልህ ይልቅ ሲሞላ ነው የሚገድልህ» አለ። ጎኑ እንደ ዚፕ ተቀዶ ይከፈታል። እዚያ ጎማ ፊት ቁጢጥ ብሎ ነፋስ የሚሞላው የእኔ ረዳት ነው። የ22 ዓመት ልጅ ነው። ጋሼ ራሱ ሲሞላ ጎማውን የብረት ቀፎ ውስጥ ያስገባል፣ ረጅም ቱቦ ይዞ ወደ ጎን ይቆማል። ረዳቴንም እጁን ይዞ የሚቆምበትን ቦታ አሳየው። ለዚህ ብቻ እንኳን ውለታውን አልረሳም።

ከዚያ ወደ ሒሳቡ ገባን። የጎማዬ መጠን 315/80 አር 22.5 ነው። ጎኑ ላይ የተጻፈውን በባትሪ አስነበበኝ፦ ለነጠላ 4000 ኪሎ፣ ለጥንድ 3350 ኪሎ፣ በ850 ኪሎ ፓስካል። ይህ ወደ 123 ፒኤስአይ ነው። «ታዲያ 130 ከየት አመጣኸው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ሰው ሲሞላ አይቼ ነው። ከልክ በላይ ሲሞላ መሐሉ ይበላል፣ መንገዱን በደንብ አይዝም፣ ጉድጓድ ሲያገኝም በቀላሉ ይቀደዳል። ሲያንስ ደግሞ ሁለቱ ጠርዞች ይበላሉ።

በሚዛን ወረቀቴ የፊት አክስል (ግራና ቀኝ ጎማዎችን የሚያገናኘው ብረት) የተሸከመው 7 ቶን ነው፤ ለሁለት ጎማ ሲካፈል 3500። ከኋላ አንዱ አክስል 10 ቶን ይዟል፤ ለአራት ሲካፈል 2500። እንግዲህ የፊተኛው ከኋለኛው የበለጠ ነፋስ ይፈልጋል ማለት ነው፤ እኔ ግን ሁሉንም እኩል ነበር የምሞላው። ግድግዳው ላይ ከለጠፈው የአምራቹ ሰንጠረዥ አነጻጽሮ፣ ትንሽ ጨመር አድርጎ፣ ፊቱን 110፣ የኋላውን 95 አደረገልኝ። አደራ፣ ይህን ቁጥር እንዳትወስዱት። የእናንተ ቁጥር የሚወጣው ከእናንተ ጭነትና ከእናንተ ጎማ ነው። ተሳቢውም የራሱ ሒሳብ አለው።

ሌላ ስህተቴን ስነግረው ራሱን ያዘ። ሚሌ ስደርስ ጎማው ሲግል አስተነፍስለት ነበር። ብዙዎቻችን እናደርገዋለን። ጎማ ሲሄድ ግፊቱ ከ10 እስከ 15 ፒኤስአይ መጨመሩ የተፈጥሮ ነው፤ አምራቹም አስቦበታል። ትኩሱን ካስተነፈስነው ሌሊት ሲቀዘቅዝ ከልኩ በታች ይወርዳል። በነጋታው የባሰ ይግላል፣ እኛም እንደገና እናስተነፍሰዋለን። ከሞጆ ወደ ባሕር ጠረፍ ስንወርድ አየሩ ራሱ ስለሚከብድ ጌጁ ወደ 3 ፒኤስአይ ዝቅ ሊል እንደሚችልም ነግሮኛል። ይህን ከማንም ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰባት ወር ሆነኝ። አንድ ጊዜ ምስማር ወጋኝ እንጂ አንድም ጎማ አልፈነዳብኝም።

የምትፈልጉት ከደረቅ ወደቡ ወጥታችሁ በአሮጌው የአዳማ መንገድ ጠይቁ። «የሌሊቱ ጎሚስታ» ስትሉ ያሳዩአችኋል። ዋጋው ከሌላው ትንሽ ይበልጣል፣ ሥራውም ቀስ ያለ ነው። ተቻኩላችሁ ከሆነ አትሂዱ። ትኩስ ጎማ ይዛችሁ ብትለምኑትም አይለካላችሁም። የሚዛን ወረቀታችሁን እንዳትረሱ።

ጋሼ፣ እድሜና ጤና ይስጥልኝ። ልጁም ሰላም ብሎሃል። ሐሙስ ጭኜ አድራለሁ፤ ለውስጠኛዎቹ የቫልቭ ማራዘሚያ አራት ያዝልኝ።