ሸዋ ሮቢት ላይ ያስሞላሁት የአሮጌ መኪና ኤሲ

ደብረ ብርሃን ለሚኖር ሰው የመኪና ኤሲ ማስጠገን ቅንጦት ይመስላል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ላይ ስለምትገኝ ጠዋት ጠዋት የሚናፈቀው ማሞቂያው ነው። እኔ ግን በየወሩ ወደ ሸዋ ሮቢት ስለምወርድ፣ የ1997 ሞዴል ኮሮላዬ ኤሲ ከተበላሸ ወዲህ ደብረ ሲናን ካለፍኩ በኋላ መስኮት ከፍቼ አቧራ መዋጥ ግድ ሆኖብኝ ቆይቷል። ኤሲ የአየሩን እርጥበት ስለሚቀንስ፣ በጣርማበር ጉም ውስጥ የፊት መስታወት ሲደበዝዝም ቶሎ ያጠራዋል፤ ይህን ጥቅሙን ብዙ የደጋ ሹፌር ይዘነጋዋል።

መጀመሪያ ያስሞላሁት እዚያው ደብረ ብርሃን ነበር። ባለሙያው ቱቦ ሰክቶ ከትንሽ ጣሳ ጋዝ ለቀቀና፣ ዐሥር ደቂቃ ሳይሞላ እጄን አየር ማውጫው ላይ አስደርጎ «ቀዘቀዘ አይደል?» አለኝ። በዚያ ብርድ ከየትኛውም ቀዳዳ የሚወጣ አየር ይቀዘቅዛልና «አዎ» ብዬ ከፈልኩ። ሁለት ወር ሳይሞላ ጋዙ አልቆ ጋዙን የሚጨምቀው ኮምፕሬሰር መነሣት አቆመ።

ሁለተኛው ሙከራዬ ሸዋ ሮቢት ውስጥ ከአስፋልቱ ዳር ባለች አንዲት ጠባብ የኤሲ ቤት ሲሆን፣ ይህን የምጽፈውም ስለ እርሷ ነው። ወጣቱ ባለሙያ ታሪኬን ሰምቶ ሲያበቃ «ጋሼ፣ የመጀመሪያው ጋዝ የት እንደገባ አልጠየቋቸውም?» አለኝ። ከዚያም ኮፈኑን ከፍቶ በባትሪ መብራት ከኮምፕሬሰሩ ፑሊ ኋላ የተጋገረውን ጥቁር ቅባታማ አቧራ አሳየኝ። ጋዙ ሲያፈተልክ ዘይቱንም ይዞ ስለሚወጣ፣ ቅባት የታየበት ቦታ መጀመሪያ መጠርጠር አለበት፤ የሳሙና አረፋ ሲቀባበትም ጥርጣሬው ልክ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ ደግሞ የእኔው የደጋ ኑሮ ነበር፤ ኤሲው ለሳምንታት ሳይሠራ ሲቀር «ሲል» የሚባለው፣ በኮምፕሬሰሩ ዘንግ ዙሪያ ጋዝ እንዳያፈተልክ የሚዘጋው ጎሚኒ፣ ዘይት ስለማያገኝ ይደርቃል።

ሲሉንና የመገጣጠሚያዎቹን አረንጓዴ ጎሚኒዎች ከቀየረ በኋላ ከቱቦው አየር መጦ የሚያወጣውን የቫኪዩም ፓምፕ 45 ደቂቃ አሠራው፤ በቱቦው ውስጥ የቀረ ውሃ በዝቅተኛ ግፊት ተንኖ የሚወጣው በዚህ ጊዜ ነው። የግፊት መለኪያው (የጌጁ) መርፌ ግን 25 ኢንች ሜርኩሪ አካባቢ ቆመ። መመሪያዎች 29 እንደሚሉ አንብቤ ስለነበር ጠየቅሁት። ጌጁ የሚለካው ከውጭው አየር ጋር ያለውን ልዩነት ነው፤ ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል 1,300 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል የውጭው ግፊት ራሱ ያነሰ ነው፣ ደብረ ብርሃን ላይ ቢሆን ደግሞ ያው ፓምፕ ከ21 ብዙም አያልፍም አለኝ። ቫልቩን ዘግቶም መርፌው ይነቃነቅ እንደሆነ ሃያ ደቂቃ ጠበቀ። ጋዙን የሞላው ጣሳውን ሚዛን ላይ አስቀምጦ፣ ኮፈኑ ሥር ባለው ተለጣፊ ላይ እንደተጻፈው 650 ግራም ነው። እኩለ ቀን ላይ ስነዳ አየር ማውጫው ላይ የሰካነው ቴርሞሜትር 8 ዲግሪ አሳየ።

ከእኔ በፊት የመጣን አንድ አሮጌ ላንድክሩዘር ግን ሳይሞላ መልሶታል። መኪናው የተሠራው ለአር 12 ጋዝ ነበር፤ ይህ ጋዝ በ1987 እ.ኤ.አ. በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ምርቱ የቆመ ሲሆን፣ ከእርሱ ጋር የሚሠራው የማዕድን ዘይት ደግሞ ከዛሬው አር 134ኤ ጋር አይዋሃድም። ዘይቱን ሳይለውጡ መሙላት ኮምፕሬሰሩን ማቃጠል ነው ብሎ ገንዘቡን ሳይቀበል ባለመኪናውን አሰናበተው፤ ለእኔ እምነት የሰጠኝ ከሁሉ በላይ ይህ ነው።

ቅሬታ የለኝም ማለት ግን አይደለም። ሥራው ቀኑን ሙሉ ፈጅቷል፤ ደንበኛ የሚቀመጥበት ጥላ እንኳ የለም። የቀረችውን ጋዝ ወደ ጣሳ መሰብሰብ ሲገባው ወደ አየር ለቀቃት፤ አር 134ኤ የኦዞን ሽፋንን ባይጎዳም ምድርን በማሞቅ ረገድ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሺህ እጥፍ በላይ ይበረታል። ይበልጥ ያስከፋኝ በመስመሩ ውስጥ ያለውን እርጥበት የሚመጠው ድራየር ነው፤ መስመሩ ከተከፈተ መቀየር ሲኖርበት ዕቃው የለም ተብሎ አሮጌው ተመልሶ ገባ፤ አሁን ልቀይረው ብል የከፈልኩበት ጋዝ በሙሉ ይወጣል። ወደዚያ የምትወርዱ ድራየሩን ቀድማችሁ ከአዲስ አበባ ገዝታችሁ ይዛችሁ ውረዱ።

ከዚያ ወዲህ አራት ወር ሆኖኛል። ባለሙያው እንደመከረኝ በየእሑዱ ደብረ ብርሃን ላይ ማሞቂያውንም ኤሲውንም አብሬ ለዐሥር ደቂቃ አሠራለሁ፤ ጎረቤቶቼ ቢስቁብኝም ኮምፕሬሰሩ እስካሁን ይነሣል።