«ኢንሶምኒያ ኮች»ን ለሠሩልን ምስጋና፣ እንቅልፍ ላጣችሁ ጥቆማ

የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤትን እናመሰግናለን። «ኢንሶምኒያ ኮች» የተባለውን የስልክ አፕ ለወታደሮቹ ብሎ ቢሠራውም ለማንም ክፍት ነው፦ በነፃ ይጫናል፣ አካውንት ክፈቱም አይልም። የዝናብ ድምፅ ከሚያሰሙት አፖች የሚለየው፣ ሐኪሞች ከእንቅልፍ ኪኒን በፊት የሚመክሩትን ሲቢቲ-አይ የተባለ የአስተሳሰብና የልማድ ሕክምና ተከትሎ ሳምንት በሳምንት ስለሚመራ ነው። አማርኛ አለመኖሩ ግን ይቆጫል።

ትልቁ ጥቅሙ የእንቅልፍ መዝገቡ ነው። ጠዋት ስትነሱ በግምት ሙሉት፤ ሌሊት ሰዓት እያዩ መቁጠር ራሱ እንቅልፍ ይነሳል። የእኛ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ «ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኛሁ» ብሎ 6 ይሞላል። አፑ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ 12 ካልተባለ ስሌቱ በሙሉ ይበላሻል።

ስሌቱ ደግሞ ይህ ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት አልጋ ገብቶ 12 የሚነሳ ሰው 9 ሰዓት ተጋድሟል። የተኛው 5 ሰዓት ተኩል ከሆነ 61 በመቶ ብቻ፤ ቀሪው መገላበጥ ነው። «በጊዜ ግባ» የሚለው ምክር ያባብስበታል። ከተኛው ላይ ግማሽ ሰዓት ጨምሮ ከሌሊቱ 6 እስከ ጠዋቱ 12 ብቻ አልጋ ላይ ይሁን። የሳምንቱ አማካይ 85 በመቶ ሲያልፍ 15 ደቂቃ ይጨምር። 20 ደቂቃ ያህል እንቅልፍ ካልመጣ ተነስቶ፣ መብራት ቀንሶ፣ ሲያንጎላጅ ይመለስ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከበፊቱ የባሰ ይደክማል፤ ብዙው ሰው የሚተወው እዚያ ነው። ቅዳሜ እስከ 4 ሰዓት ማካካሻ ብሎ የተኛም የሳምንቱን ልፋት ያፈርሰዋል። ቡናም አለ፦ ካፌይን በግማሽ ለመቀነስ 5 ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅበት፣ 10 ሰዓት ላይ ከጠጣችሁት ግማሹ ከምሽቱ 3 ሰዓትም ሰውነታችሁ ውስጥ ነው። በረካው ቀጥኗል ብላችሁ አትሸወዱ፣ አቦሉን ጠጥታችኋል።

የሚጥል በሽታ ወይም ባይፖላር ያለበት፣ መኪና የሚያሽከረክር፣ እያንኮራፋ ትንፋሹ የሚቋረጥበት ሰው የአልጋ ሰዓቱን ከመቀነሱ በፊት ሐኪም ያማክር። የእንቅልፍ ኪኒን የለመደም በራሱ ፈቃድ በአንድ ጊዜ አያቋርጥ።