የእህቴን የሠርግ አበባ ያተረፈልኝ ሲሊካ ጄል

የእህቴ የሠርግ እቅፍ አበባ ሲጣል ማየት አልቻልኩም። ስለዚህ ሲሊካ ጄል ገዛሁ። አዲስ ጫማ ሳጥን ውስጥ የምናገኛት ትንሿ ከረጢት የያዘችው እርጥበት የሚመጥ ፍሬ ነው፤ እኔ በኪሎ የሚሸጠውን ሰማያዊውን ወሰድኩ።

ድሮ ቁልቁል ሰቅዬ ነበር የማደርቀው። ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጃል፣ ቀይ ጽጌረዳ ደግሞ ይጠቁርና ይጨማደዳል። አሁን ግን ክዳኑ ግጥም የሚል ዕቃ ውስጥ ሁለት ጣት ያህል አፈሰስኩ፣ አበባውን ፊቱን ወደ ላይ አድርጌ አቆምኩና በየቅጠሉ መሃል በሻይ ማንኪያ ቀስ እያልኩ እስኪሸፈን ሞላሁት። በሳምንቱ ስከፍተው ቅርጹ እንዳለ ነው! ቀለሙ ጠቆር አለ እንጂ ቀይነቱ አልጠፋም። እህቴ ስታየው አለቀሰች።

ፍሬው እርጥበት ሲጠግብ ሮዝ ይሆናል። ኦቨን ውስጥ 120 ዲግሪ አካባቢ ለጥቂት ሰዓት ሲሞቅ ሰማያዊነቱ ይመለሳል፣ ደጋግሞ ይሠራል። ግን ሰማያዊው ቀለም ኮባልት የሚባል መርዛማ ነገር ስላለበት ምግብ በሚበስልበት ኦቨን አትሞክሩት፣ ከልጆችም አርቁት።

ቅር ያለኝ አንድ ነገር ነው። ሱቁ ደቃቅ ነው ብሎ የሸጠልኝ ፍሬ ትልልቅ ነው፣ ስሱ አበባ ላይ ነጥብ ነጥብ ትቶበታል። ለጽጌረዳ ችግር የለውም። ለአደይ አበባ ግን አይሆንም፤ እሷን መጽሐፍ ውስጥ በወረቀት መሃል መጫን ይሻላል።