የአጥንት ባዮፕሲ መርፌ በሲቲ ክፍል፦ በእጅ የሚገፋው ወይስ በባትሪ የሚዞረው?

እዚህ የሚነጻጸሩት በሲቲ ምስል እየተመሩ ከአጥንት የምርመራ ናሙና (ባዮፕሲ) የሚወስዱ ሁለት ዓይነት 11 ጌጅ መርፌዎች ናቸው (የጌጅ ቁጥር ሲጨምር መርፌው ይቀጥናል)፤ ውጫዊ ውፍረታቸው 3 ሚሊሜትር ገደማ ነው። አንዱ ሐኪሙ ጃምሺዲ እ.ኤ.አ. በ1971 ያስተዋወቀው ዓይነት ሲሆን በእጅ እየተጠመዘዘ፣ ሲያስፈልግም በመዶሻ እየተመታ ይገባል። ሌላው በባትሪ የሚሠራ መሰርሰሪያ ላይ የሚገጠም ነው። ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር፦ ለተቦረቦረ አጥንት ባትሪው ትርፍ ወጪ ነው፤ ለጠጠረ አጥንት ግን ከመዶሻው ይሻላል።

የሁለቱም ውጤት የሚወሰነው መርፌው ቆዳ ከመንካቱ በፊት ነው። ዕጢው የአጥንት ሳርኮማ (ከአጥንቱ የሚነሳ ካንሰር) ሊሆን ይችላል ተብሎ ከተጠረጠረ መግቢያው የሚመረጠው ወደፊት ከሚያወጣው ቀዶ ሐኪም ጋር ተመካክሮ ነው፤ መርፌው ያለፈበት መንገድ ከዕጢው ጋር አብሮ ተቆርጦ ይወጣልና። ለምሳሌ በትከሻ በኩል ላለ የክንድ አጥንት ዕጢ መንገዱ በዴልቶይድ ጡንቻ የፊት ክፍል ያልፋል። የጡንቻው ነርቭ የሚመጣው ከኋላ ስለሆነ፣ በመሀል ወይም በኋላ የገባ መርፌ መንገድ ሲቆረጥ ነርቩም አብሮ ይሄዳል፤ ከፊት የቀረውም ጡንቻ ሥራውን ያቆማል።

ከዚያ ቆዳው ላይ ምልክት ይለጠፍና ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ውፍረት ባላቸው ቁራጭ ምስሎች ሲቲ ይነሳል። መርፌው የአጥንቱን ገጽ በተቻለ መጠን ቀጥ ብሎ መምታት አለበት፤ ካዘመመ ይንሸራተታል። በእጅ የሚገፋው ጎልቶ የሚያስቸግረው እዚህ ነው፤ ክብ በሆነ የጎድን አጥንት ላይ ጫፉ መያዣ ያጣል፣ ከጀርባው ደግሞ ሳንባ አለ። በባትሪ የሚዞረው ቶሎ ይነክሳል። ማደንዘዣውን በተመለከተ አጭር ማሳሰቢያ፦ 1 በመቶ ሊዶኬይን ቆዳውን ብቻ ካደነዘዘ ታካሚው ይዘላል። የሚያመው አጥንቱን የሸፈነው ስስ ልባስ ነው፤ አብዛኛው መድኃኒት እዚያው መፍሰስ አለበት።

የእጁ መርፌ ትልቁ ጸጋ ስሜቱ ነው። ጠንካራው የውጭ ሽፋን ሲያልቅና ለስላሳው ክፍል ሲጀምር መዳፍ ላይ ይታወቃል። ባትሪው ይህን ያደበዝዛል፤ ቁልፉን ከ2 ወይም 3 ሰከንድ በላይ ሳይለቅ የያዘ ሰው የወዲያኛውን ሽፋን በስቶ ሊወጣ ይችላል። መሰርሰሪያው ከባድ ስለሆነም ክብደቱ መርፌውን ያዘነብለዋል፤ በየፍተሻው ተነቅሎ ካልተነሳ የሲቲውን ምስል በብረት ጥላ ያበላሸዋል። ጫፉ የት እንዳለ በትክክል የሚታየው ምስሉ በአጥንት መስኮት (ለአጥንት በተስተካከለ የብርሃንና ጥላ ቅንብር) ሲታይ ነው፤ በለስላሳ አካል መስኮት መርፌው ከሆነው በላይ ወፍራም ይመስላል።

ባትሪው ላይ የሚሰማው ዋና ቅሬታ «ገባ፣ ግን ባዶውን ወጣ» የሚለው ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ለስላሳ ቁስል ውስጥ የሚዞር ቱቦ ናሙናውን ይበትነዋል። መፍትሔው በሞተር ሽፋኑን ብቻ መብሳት፣ ሞተሩን ነቅሎ የመጨረሻውን 1 ሴንቲሜትር በእጅ መግፋት፣ ከዚያ በ20 ሚሊሊትር ሲሪንጅ እየሳቡ ማውጣት ነው። ስለዚህ ግዢ ላይ ያለ ክፍል ከሞተሩ ይልቅ የውጭ ቱቦው ባለበት ቆሞ በውስጡ ሌላ መርፌ የሚያሳልፍ መሆኑን ይይ። በአንድ ብስ 3 እና ከዚያ በላይ ናሙና ይወሰዳል፤ ለስላሳ ዕጢ ከሆነም 18 ጌጅ የሥጋ መቁረጫ መርፌ በዚያው ይገባል። የተቦረቦረው ቁስል መሀሉ የሞተ ሥጋ ሊሆን ስለሚችል ጠርዙን መምታት ይሻላል። ዕጢው ሽፋኑን ሰብሮ ወደ ውጭ ከወጣ ደግሞ ሁለቱም መሣሪያ አያስፈልግም፤ አልትራሳውንድና ያው 18 ጌጅ ይበቃል፣ ጨረርም የለውም።

የጃምሺዲውን ዓይነት የሚያማርሩ ብዙዎች ናሙናው ተጨፍልቆ ወጣ ይላሉ። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የመርፌው አይደለም። ጫፉ ሆን ተብሎ የጠበበ ነው፤ ናሙናው የሚገፋው ከጫፉ ወደ እጀታው እንጂ ወደ ጫፉ አይደለም። ኢንፌክሽን ከተጠረጠረ ለካልቸር (ጀርሙን አብቅሎ ለመለየት) የሚሄደው ቁራጭ ፎርማሊን (የናሙና ማቆያ ፈሳሽ) አይንካው፤ የሚቻል ከሆነም አንቲባዮቲክ ከናሙናው በኋላ ይጀመር። የዘረመል ምርመራ የሚታሰብ ከሆነ ደግሞ ለፓቶሎጂ ክፍሉ በወረቀቱ ላይ ይጻፍ፤ አጥንቱን ለማለስለስ ጠንካራ አሲድ ከተጠቀሙ ዲኤንኤው ይበላሻል፣ ቀስ ብሎ የሚያለሰልሰው ኬሚካል ኢዲቲኤ ግን ቀናት ቢፈጅም ያቆየዋል።