ደጀን ላይ «የሚዳቋ ቋንጣ» የሚሏችሁን እንዳትገዙ

ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የምትመጡ ሰዎች፣ አባይን ተሻግራችሁ ደጀን ላይ ለምሳ ስትወርዱ ተጠንቀቁ። «የሚዳቋ ቋንጣ አለ፣ ከበረሃ የመጣ» እያለ ጠጋ የሚል ሰው አለ። እኔን በልቶኛል፣ እናንተን እንዳይበላችሁ ነው የምጽፈው።

ወደ ማርቆስ ስመለስ ነው። ፌስታል የያዘ ጎልማሳ ቀረበኝና «ወንድምዓለም፣ ኦሪትም ብሉ ያለው ሥጋ ነው፣ ከተማ አታገኘውም» አለኝ። ከላይ ካለው ቆንጥሮ አቀመሰኝ፣ እውነት ለመናገር ይጣፍጣል። ኪሎውን 900 አለ፣ ተከራክሬ ሁለቱን ኪሎ በ1700 ወሰድኩ። ስልክ ቁጥሩንም ሰጠኝ። ስልኩን የሰጠ ሰው አያታልልም ብዬ አመንኩ፣ ሞኝነቴን እዩት!

ቅዳሜ እንግዳ ጠርቼ ድስት ጣድኩ። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት አቁላላሁ፣ እናቴ ከቡሬ የላከችልኝን በርበሬ ጨመርኩ፣ ውሃ ጠብ እያደረግኩ ቀይ እስኪል ድረስ አንድ ሰዓት ያህል አማሰልኩት። ከዚያ ቋንጣውን ልከትፍ ፌስታሉን ገለበጥኩ። ከላይ ያሉት ሁለት ሦስት ዘለላዎች ብቻ ናቸው ደረቅ። ከስር ያለው ሲቆረጥ ውስጡ ርጥብ ነው፣ ሽታው እንዳይታወቅ በበርበሬና በጨው ታሽቷል፣ ጅማቱ ደግሞ ጣት ያክላል። ሚዳቋ እኮ ከፍየል የማትበልጥ እንስሳ ናት፣ ይሄን የሚያህል ጅማት ከየት አመጣች? እንደዚያም ሆኖ ገንዘቤ አሳዝኖኝ ድስት ውስጥ ከተትኩት። ገና ቅቤ ሳልጨምር ቢጫ ሞራ ተንሳፈፈ። የዱር እንስሳ ሲሮጥ የሚውል ነው፣ እንዲህ ያለ ሞራ የለውም። ቤቱ ምን ምን እንደሸተተ አልነግራችሁም።

አክስቴ ገና ከበሩ «ምንድን ነው የሚሸተው?» አሉ። ነገርኳቸው። «እሺ የሚዳቋ ይሁን፣ ማን ባረከው? በጥይት ይሙት በወጥመድ ይሙት በምን አወቅህ? በክት ልታበላን ነው?» መልስ አልነበረኝም። ሽሮ ተሠርቶ እንግዳው ተሸኘ።

አሁን ሳስበው ዋጋው ራሱ ይናገር ነበር። ሥጋ ሲደርቅ አብዛኛው ውሃው ይሄዳል፣ አንድ ኪሎ ደህና ቋንጣ ለማውጣት ሦስት ኪሎ ገደማ ጥሬ ሥጋ ያስፈልጋል። የሦስት ኪሎ የበሬ ሥጋ ዋጋ በሰፈራችሁ ስንት እንደሆነ አስሉትና ከ900 ብር ጋር አስተያዩት። ታዲያ ይሄ ሰውዬ የምን ሥጋ ነው የሚሸጠው? ቄራ ያላየው፣ ማህተም የሌለው፣ ታሞ የሞተ ከብት ቢሆንስ? አባ ሰንጋ የያዘው ከብት ሥጋ ስለደረቀም ሆነ በርበሬ ስለበዛበት አይድንም።

በጣም ያናደደኝ ደግሞ መክሰስ አለመቻሌ ነው። ስልኩን ደወልኩ፣ ዝግ ነው። ፖሊስ ጋ ልሂድ አልኩና ምን ልበል? ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደንም፣ ሥጋውን መሸጥም በሕግ ክልክል ነው። ውሸት ከሆነ ተጭበርብሬያለሁ፣ እውነት ከሆነ ደግሞ ሕገወጥ ሥጋ ገዝቻለሁ ብዬ ራሴን ላሳጣ ነው። ሰውየው ይሄን ያውቃል። ለዚህ ነው «ለማንም እንዳትናገር» እያለ የሚያንሾካሹከው፣ እኔ ደግሞ ብርቅ ነገር ስለሆነ መስሎኝ!

ቋንጣ ካማራችሁ ከምታውቁት ሥጋ ቤት ጥሬውን ገዝታችሁ ቤታችሁ ዘልዝላችሁ ስቀሉ፣ በቃ። የገዛችሁም ካላችሁ እንዳትቀምሱት፣ ለውሻም እንዳትሰጡት። እኔ የተረፈኝን ጓሮ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሬ ቀብሬዋለሁ፣ ወጡንም ጭምር። 1700 ብሩ ይቅር፣ የእናቴ በርበሬ ነው ያንገበገበኝ። ሌላ እስክትልክልኝ ድረስ ምን ብዬ እንደምነግራት እያሰብኩ ነው።